ምንም ላለመሥራት የተሰጠ ምርቃት

ጋሽ ጉታ መሞታቸውን የሰማሁት ከሶፍ ዑመር ስመለስ ነው። ለዘገባ ሄጄ ዋሻው ውስጥ ብዙ ቆይቼ ነበር። ወደ ሮቤ በሚወስደው መንገድ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስንደርስ ስልኬ ኔትወርክ አገኘና ያመለጡኝ ጥሪዎች ተከታትለው ገቡ። ከጎባ የተላከ አንድ መልእክትም ነበር። «ጋሽ ጉታ አርፈዋል። ቀብሩ ነገ ነው» ይላል።

በሥራዬ ከአንድ ሰው ብቻ የሰማሁትን አልዘግብም። ሁለተኛ ምንጭ እፈልጋለሁ። መኪናውን አስቁሜ ወረድኩና ደወልኩ። ለማን እንደደወልኩ የገባኝ ስልኩ መጥራት ከጀመረ በኋላ ነው። የደወልኩት ለራሳቸው ለጋሽ ጉታ ነበር።

ስልኩ ተነሣ። «ጋሽ ጉታን ፈልጌ ነበር» አልኩ።

ከዚያ የልጃቸው የሃዊ ድምፅ መጣ። «ጋሼ፣ እኔ ነኝ። አባዬ የለም።»

«መቼ ይመለሳሉ?»

ይህን የጠየቅኩት እኔ ነኝ። ጎርፍ ቤት ሲወስድ፣ መኪና ገደል ሲገባ፣ ሬሳ ሲወጣ ቆሜ፣ ማይክራፎን ይዤ፣ ድምፄ ሳይሰበር የዘገብኩ ሰው ነኝ። የዚያን ቀን ግን ለሞተ ሰው መመለሻ ጠየቅኩ። ሃዊ አላለቀሰችም። ስልኩን ክፍት አድርጋ ቆየች፤ እኔም ቆየሁ።

እንደሰማሁት፣ ጠዋት ከቤት ሊወጡ ሲሉ የጫማቸውን ክር ለማሰር ጎንበስ አሉ። ቀና አላሉም። ሕመም የሚባል አልነበረባቸውም። ከሁለት ቀን በፊት በአጥራችን ላይ ተንጠራርተው «ዛሬ ደግሞ የት ልትሄድ ነው?» ብለውኛል።

ጎባ ውስጥ ከጋሽ ጉታ ጋር አጥራችን አንድ ነው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የሒሳብ መምህር ነበሩ፤ እኔንም አስተምረውኛል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲሄዱ ከራሳቸው የሚቀድሙ የሚመስሉ ሰው ነበሩ። የሌላ ሰው ልጅ ውጤት ሲወጣ ከወላጁ በፊት ሰምተው በሩን ያንኳኳሉ። «እንኳን ደስ ያለህ» ሲሉ ግን ሰምቼ አላውቅም። የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ «ቀጥሎስ?» ይህን ሲሉ መዳፋቸውን ዘርግተው አየሩን ወደ ፊት ይገፉታል፤ የተዘጋ በር የሚከፍቱ ይመስላሉ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያለፈውን ወደ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዩኒቨርሲቲ የወጣውን ወደ ሁለተኛ ዲግሪ ይገፋሉ። ትንሽ ልሥራ፣ ትንሽ ልረፍ፣ ዓመት ልቆይ የሚል ልጅ ሲያጋጥማቸው ፊታቸው ይለወጣል። «ጋሪ ከቆመ ፈረሱ ቤቱን ያስታውሳል» ይሉ ነበር። ሮቤ ላይ ጋሪ ሲነዳ ያየ ሁሉ የሚሉት ይገባዋል። ፈረሱ እየሄደ ሳለ ይሄዳል፤ አንዴ ቆሞ ጭድ ከቀመሰ አንገቱን ወደ መጣበት ያዞራል። ለእሳቸው የተማሪ ልብም እንደዚያ ነበር።

በቃል ብቻ አያበቁም። ልጁን ራሳቸው አውቶቡስ ላይ ይጭኑታል። ሻንጣውን ተቀብለው፣ ወንበሩ ላይ አስቀምጠው፣ ከታች ሆነው መኪናው እስኪነቃነቅ ይቆማሉ። የሮቤ መናኸሪያ ረዳቶች «ጋሽ ቀጥል» የሚል ስም አውጥተውላቸው ነበር። «ጋሽ ቀጥል መጡ! ዛሬስ ማንን ነው የሚጭኑት?» ብለው ሲቀልዱባቸው፣ «አንተን ብጭንህ ደስ ባለኝ፣ የሚቀበልህ ጠፋ እንጂ» ይላሉ። እኔንም በዚያው ዓይነት ጭነውኛል። በመስኮት ሳያቸው እጃቸውን አላውለበለቡልኝም። መዳፋቸውን ወደ ፊት ገፉት እንጂ።

ከጫኗቸው ሁሉ ሳይሳካላቸው የቀረው በኑረዲን ነበር። አባቱ ሐጂ ከድር ከስልጤ መጥተው ሮቤ ውስጥ ሚስማር፣ ገመድና የላስቲክ ዕቃ የሚሸጡ ነጋዴ ነበሩ። ልጁ የመጀመሪያ ዲግሪውን በጥሩ ውጤት ጨርሶ አዲስ አበባ ለሁለተኛ ዲግሪ ተቀባይነት ሲያገኝ «ትንሽ ልቆይ» አለ። ጋሽ ጉታ ሱቁ ድረስ ሄዱ። ሐጂ ከድርም ከእሳቸው ጋር አበሩ፤ «መምህር፣ ወላሂ ይዘውልኝ ይሂዱ» አሏቸው። ልጁ በሁለት ሽማግሌዎች መካከል ሆኖ መናኸሪያ ገባ።

ብዙም ሳይቆይ ሐጂ ከድር ሞቱ። ኑረዲን ለቀብር መጣ፤ አልተመለሰም። ሱቁን ከፈተ። የከተማው ሰው «ገንዘቡ ጣመው» አለ። ጋሽ ጉታ ደግሞ «ፈረሱ ቤቱን አስታወሰ» አሉ። ከዚያ በኋላ ሚስማር ሲፈልጉ ከሌላ ሱቅ ይገዙ ነበር።

ሃዊ የጋሽ ጉታ የመጨረሻ ልጅ ናት። ሮቤ ከሚገኘው ዩኒቨርሲቲ በትምህርት ክፍሏ አንደኛ ወጥታ ተመረቀች። አዲስ አበባ ሁለተኛ ዲግሪ እንድትቀጥል ሙሉ ወጪዋ ተሸፍኖ ተቀበሏት። ጋሽ ጉታ የዚያን ሰሞን ከመሬት ከፍ ብለው የሚሄዱ ይመስሉ ነበር።

አንድ ቀን ሃዊ በአጥሩ በኩል ጠራችኝና «ጋሼ፣ ዓመት መቆየት እፈልጋለሁ። ቦታዬን ለአንድ ዓመት ሊያቆዩልኝ ተስማምተዋል፤ ካለፈ ለሌላ ይሰጣል» አለችኝ።

«ምክንያትሽ ምንድን ነው?»

«ደክሞኛል።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

ሌላ ጠየቅኩ። የምንጠይቅ ሰዎች ልማዳችን ነው፤ ከምክንያቱ ጀርባ ሌላ ምክንያት እንፈልጋለን። የታመመ ሰው አለ? የሚጠብቅሽ ልጅ አለ? ሥራ አግኝተሻል? እሷ ለሁሉም ራሷን በአሉታ ነቀነቀች።

«ጋሼ፣ መዋዕለ ሕፃናት ከገባሁ ጀምሮ ፈተና የማይጠብቀኝ ጠዋት ምን እንደሚመስል አላውቅም። መጽሐፍ ስገልጥ ፊደሉ አይገባኝም። አሁን ከሄድኩ እንደ ኑረዲን ነው የምመለሰው። ዓመት ከቆየሁ የምሄድ ይመስለኛል።»

«ለአባትሽ ነገርሻቸው?»

«አልጠየቀኝም» አለች።

ጋሽ ጉታ ግን ድግስ ደግሰው ነበር። ሐምሌ ውስጥ ነው፤ ዝናቡ ስለማይታመን ግቢው ውስጥ ሸራ ተወጠረ። በሬ ታረደ። ዘመድ ከገሰራም ከሮቤም መጣ። የጋሽ ጉታ ወንድም ደበሌ፣ ድምፁ ከትራክተር የማይተናነስ ገበሬ፣ ከገሰራ በግ ይዞ ደረሰ። ለጉዞዋ የሚመርቁት ደግሞ ኦቦ ቱፋ የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። በባሌ ትልቅ መንገድ የሚሄድ ሰው ያለ ሽማግሌ ምርቃት አይወጣም። ኦቦ ቱፋ እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ተነሡ፤ እኛም ሁላችን ተነሣን። ሃዊ ፊታቸው ቆመች።

ሽማግሌው አንድ በአንድ ይሉ ጀመር፤ በየመሃሉ ሁሉም «አሜን» ይላል።

«ዕድሜ ይስጥሽ።» አሜን።

«ዕውቀት ይጨምርልሽ።» አሜን።

«ነጋን ዴሚ፣ ነጋን ገሊ» አሉ፤ በሰላም ሂጂ፣ በሰላም ግቢ ማለታቸው ነው። «አሜን» አልን። የሃዊ ከንፈር ግን አልተነቃነቀም።

ኦቦ ቱፋ ዓይናቸው ደካማ ነው፤ ጆሯቸው ግን የሚገርም ነው። ደገሙት። «ነጋን ዴሚ።» ሃዊ ዝም አለች። ሣሩን የያዘው እጃቸው ወረደ።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ አልሰማሽኝም?»

«ሰምቻለሁ አባ።»

«ታዲያ?»

«አሁን አልሄድም።»

ከድስቱ አጠገብ ያሉት ሴቶች እንኳ ማማሰያቸውን እንደያዙ ዞሩ። ምርቃት ላይ «አሜን» አለማለት በኛ አገር አልታየም። በልቤ ይህች ልጅ ታማለች አልኩ። ከሥራዬ ልማድ የተነሣ ጋሽ ጉታን ተመለከትኩ፤ ፊታቸው አመድ መስሏል።

ኦቦ ቱፋ ዞረው «እኔ ያልተቀበለ ሰው መንገድ ላይ አላወጣም። ምርቃቱ ወዴት ይግባ? ይህችን ልጅ ማን ጠየቃት?» አሉ።

«እኔ ጠይቄያታለሁ» አለች እናቷ እትዬ ብርቄ ከወጥ ቤቱ በር ሆና። «እኔን ማን ይጠይቀኛል እንጂ።»

ጋሽ ጉታ ሲቆጡ አውቃለሁ። ክፍል ውስጥ ጠመኔ ይሰባብሩ ነበር። ሁላችንም ያንን ጠበቅን። እሳቸው ግን ወደ ልጃቸው ቀርበው፣ ለሰሌዳ የጠሩት ተማሪ ፊት እንደሚቆሙ ቆሙና ቀስ ብለው ጠየቁ።

«ስንት ጊዜ?»

«አንድ ዓመት፣ አባዬ።»

«ምን ልትሠሪ?»

«ምንም።»

ደበሌ መቻል አልቻለም። «ምንም? እኛ እንኳን በዓመት ሁለቴ እናጭዳለን፤ እሷ ዓመቱን ሙሉ ጦሟን ልታድር ነው?» አለ። ሰው ሳቀ። አንዲት አክስት «ኧረ ጠበል ውሰዷት» አለች። ጋሽ ጉታ አልሳቁም። ረጅም ጊዜ ልጃቸውን ተመለከቷት። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞሩ።

«ኦቦ ቱፋ፣ ምንም ላለመሥራት የሚሆን ምርቃት አለዎት?»

ይህን ከጋሽ ቀጥል አፍ ሰማሁ። ከአጠገቤ ያለው ሰው ብርጭቆውን ጣለ።

ኦቦ ቱፋ አሰቡ። «ለዝናብ አለኝ። ለላም አለኝ። ለሙሽራ አለኝ። ለዚህ ተጠይቄ አላውቅም» አሉ። «ግን እንሞክረው።» ሣሩን መልሰው አነሡ።

«እንቅልፍ ሲመጣ አይሽሽሽ።»

«አሜን» አልን፤ ግማሻችን እየሳቅን።

«ስትነቂ የሚያባርርሽ አይኑር።»

አሜን።

«የሰው ወሬ ከአጥርሽ ውጭ ይደር።»

አሜን። አሁን የሚስቅ አልነበረም።

«የደከመ እግር መንገዱን እንዳይጠላ ይጠብቅሽ።»

ከሁሉ ጮኻ «አሜን» ያለችው ሃዊ ነበረች። ጋሽ ጉታም «አሜን» አሉ፤ ከንፈራቸውን አይቻለሁ።

የከተማው ሰው ዓመቱን በሙሉ ምክንያት ሲፈልግላት ከረመ። አርግዛለች ተባለ። ከዩኒቨርሲቲ ተባርራለች ተባለ። ሰዎች ዘጋቢ ስለሆንኩ «እውነቱን አንተ ታውቃለህ» ይሉኛል። ጋሽ ጉታንም በመንገድ እያስቆሙ «ልጅቷ ምን ሆና ነው?» ይሏቸዋል። «ደክሟት ነው» ይላሉ። «ከድካሙ ጀርባስ?» ሲሏቸው፣ «ከድካሙ ጀርባ ድካም ነው» ብለው ይሄዳሉ።

ቀላል አልሆነላቸውም። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሃዊ ስትተኛ በሯ ላይ እየመጡ ይቆማሉ፤ እጃቸው ሊያንኳኳ ይነሣል፣ ይመለሳል። አንድ ቀን «ቢያንስ እንግሊዝኛሽን...» ሲሉ ከውስጥ «አባዬ፣ ምንም ብያለሁ!» የሚል ድምፅ መጣ። በአጥሩ በኩል አዩኝና «ከባድ ሥራ ነው» አሉኝ። ፈገግ ለማለት ሞከሩ። ፍርሃታቸው ግን ፊታቸው ላይ ነበር። ልጃቸው ዓመቱን ጨርሳ አልሄድም ብትል ቦታው ይሄዳል፤ የዕድሜ ልክ ቃላቸውም እውነት ይሆናል። አንዳንድ ጊዜ ትክክል መሆናቸውን ከሁሉ በላይ የሚፈሩት እሳቸው ራሳቸው ይመስሉኝ ነበር።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ አንድ ያልጠበቅኩት ነገር ማድረግ ጀመሩ። ጭነው የላኳቸውን ሰዎች እየፈለጉ ይጠይቁ ጀመር። የራቁትን በስልክ፣ ቅርብ ያሉትን በእግራቸው። ጥያቄው ለሁሉም አንድ ነበር፤ ያን ጊዜ ብጠይቅህ ምን ትለኝ ነበር?

እኔንም ጠየቁኝ። «እሄድ ነበር፣ ጋሼ» አልኳቸው፤ እውነቴን ነው። «እንግዲያው አንድ ሰው ላይ አልተሳሳትኩም» አሉ።

ኑረዲን ሱቅ ሲሄዱ አብሬያቸው ነበርኩ፤ ለጣራ የሚሆን ላስቲክ ልገዛ ነው የገባሁት። እሳቸው ከስንት ጊዜ በኋላ ነበር ያን ደፍ የረገጡት። ኑረዲን ሲያያቸው ይለካው የነበረውን ገመድ ለቀቀው።

«ኑረዲን፣ ያን ጊዜ ብጠይቅህ ምን ትለኝ ነበር?»

«ጋሼ፣ አሁን ምን ይሠራል?»

«ለእኔ ይሠራል።»

ኑረዲን ገመዱን አንሥቶ ማጠፍ ጀመረ። «አባቴ እንደታመመ እኔ ብቻ ነበር የማውቀው። ለሰው እንዳትናገር ብሎኝ ነበር። ስድስት ወር ስጡኝ እልዎት ነበር።»

«ስድስት ወር?»

«ስድስት ወር። እሱን ሸኝቼ እሄድ ነበር፣ ወላሂ። አባቴ ሲሞት እኔ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ ማስታወሻ እየጻፍኩ ነበር። ከዚያ በኋላ ክፍል ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ።»

ጋሽ ጉታ ባንኮኒውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ። እኔም ገበያተኛ መሆኔን ረሳሁ። የሱቁ በር ላይ ባጃጅ እየጮኸ ያልፋል፤ ማንም ዞር አላለም።

«አልጠየቅኩህም» አሉ በመጨረሻ።

«አልጠየቁኝም፣ ጋሼ።»

«አባትህም አልጠየቀህም።»

«እሱማ እያወቀ ነው የላከኝ። አላህ ይዘንለት።»

ሲወጡ ምንም አልገዙም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በየሳምንቱ እዚያ ይታዩ ነበር። ስለ ትምህርት አያወሩም። ኑረዲን ወንበር ያወጣላቸዋል፤ ተቀምጠው መንገደኛ ያያሉ።

ሰኔ ላይ ሞቱ። የሃዊ ዓመት ሊያልቅ አንድ ወር ከምናምን ሲቀረው።

ከቀብር መልስ የእድሩ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠናል። ከሃዘኑ ይልቅ የሰውን ሁሉ አፍ የሞላው የሃዊ ነገር ነበር። ደበሌ ድምፁን ለመቀነስ እየሞከረ፣ ሳይሆንለት፣ «ልጅቷ ነገውኑ አዲስ አበባ ትሄዳለች። የወንድሜ ምኞት እሱ ነበር» አለ። ያቺ ጠበል ያለችው አክስት «እናቷን ለማን ጥላ? ትቀራለች እንጂ!» አለች። «ትሄዳለች!» «ትቀራለች!» ድንኳኑ ሁለት ተከፈለ። እትዬ ብርቄ በጥቁር ነጠላዋ ተሸፍና አንገቷን ደፍታለች። ኑረዲን ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ ደበሌን ትክ ብሎ ያየዋል።

ሃዊ ከእናቷ ጎን ተነሣች። ዓይኗ አብጧል፤ ድምፅዋ ግን ደህና ነበር።

«አጎቴ፣ ዓመቴ አላለቀም።»

«ምን አልሽ?»

«አባዬ የሰጠኝ ዓመት። አንድ ወር ከምናምን ይቀረዋል። እሱን ልጨርስ። ሲያልቅ ጠይቁኝ።»

ተቀመጠች። ከኋላዬ አንዲት ሴት «አባቷ ዛሬ ተቀብሮ ስለ ዓመቷ ታወራለች፣ ጉድ!» ስትል ሰማሁ። እኔም ክው ብዬ ነበር። ሰው በሐዘኑ ቀን ከሟች ምን እንደሚጠይቅ ብዙ አይቻለሁ፤ ቤት ይጠይቃል፣ መሬት ይጠይቃል። የቀረላትን ሥራ የሌለበት ወር የጠየቀች ግን እሷ ብቻ ናት። ኦቦ ቱፋ ከማዕዘናቸው «ትጨርስ» አሉ። ደበሌ ሊናገር ሲል ደገሙለት፤ «ትጨርስ ብያለሁ።»

አርባቸው የወጣ ዕለት ደበሌ ከገሰራ መጣ። ዓመቷ አልቋል፤ ሁላችንም ቆጥረናል። ካህናቱ ሄደው ቤተ ዘመዱ ሲቀር ደበሌ ከፊቷ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ይህን ሰው ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ያዛል፣ ይሳደባል፣ ይቀልዳል፤ ጥያቄ ሲጠይቅ ግን ሰምቼው አላውቅም። ጉሮሮውን ጠረገ። ባርኔጣውን አወለቀ። ድምፁ ቀጥኖ የሌላ ሰው መሰለ።

«ሃዊ... ትሄጃለሽ? ወይስ ትቀሪያለሽ?»

ሃዊ ቀና ብላ አየችው። አባቷ ከሞቱ ወዲህ ጥርሷን ያየሁት ያኔ ነው።

«አጎቴ፣ እየጠየቁኝ ነው?»

«እየጠየቅኩሽ ነዋ! ምን ላድርግ እንግዲህ!»

ወደ እናቷ ዞረች። እትዬ ብርቄ የልጇን እጅ ያዘች።

«እሄዳለሁ» አለች ሃዊ። «ደክሞኝ ነበር። አሁን አልደከመኝም።»